አልቡሚን 1.5፦ የአንዲት ነፍሰ ጡር የደም ፕሮቲን፣ ሦስት ሊትር ፈሳሽና አንድ የተሳሳተ ናሙና

## ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ደም ግፊቷ ከፍ ያለ ነፍሰ ጡር ስትመጣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን የማይመረምር የለም። ደሟ ውስጥ የቀረው ፕሮቲን ስንት እንደሆነ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። የጠየቀውም ቢሆን መልሱ ሲመጣለት ምን እንደሚያደርግበት ብዙ ጊዜ አያውቅም። ከዚህ በታች የቀረበው በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል የታየ የከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ጉዳይ ነው፤ ፕሪኤክላምፕሲያ በእርግዝና ግፊት ከፍ ብሎ ኩላሊትና ሌሎች አካላት የሚጎዱበት ሕመም ነው። እናትየዋም ሕፃኑም በጤና ወጥተዋል። ሆኖም በአንድ ሌሊት ሁለት ስህተቶች ተደራርበው ነበር፤ የሁለቱም ሥር የደም ፕሮቲንን በትክክል አለማንበብ ነው። ስህተቶቹ በየትኛውም ማዋለጃ ክፍል ሊደገሙ የሚችሉ በመሆናቸው ሙሉ ሂደቱን ከነቁጥሩ ማስቀመጥ አስፈልጓል። ማንነትን የሚጠቁሙ ዝርዝሮች ወጥተዋል።

## የእናትየዋ ሁኔታ

ዕድሜዋ 23፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። የመጨረሻ የወር አበባዋን ያየችው ጥምቀት ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው እንደሆነ ታስታውሳለች። ሆስፒታል የደረሰችው በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ሲሆን ስሌቱ 33 ሳምንት ይሰጣል፤ የማህፀኗ ከፍታም ከዚህ ጋር ይስማማል። ከዚህ በፊት የደም ግፊት፣ የስኳርም ሆነ የኩላሊት ሕመም አልነበረባትም።

በጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ክትትል አድርጋለች። በ14ኛው ሳምንት ግፊቷ 110/70፣ በ24ኛው 118/76፣ በ29ኛው ደግሞ 138/88 ነበር። በሦስተኛው ቀጠሮ የሽንት ዲፕስቲክ (ሽንት ውስጥ የሚነከር መመርመሪያ ወረቀት) የፕሮቲን ውጤቷ «ትሬስ»፣ ማለትም ከ1+ ያነሰ፣ ተብሎ ተመዝግቧል። 138/88 ከ140/90 በታች ስለሆነ፣ ትሬስም እንደ ምንም ስለሚቆጠር፣ የአንድ ወር ቀጠሮ ተሰጥቷት ሄደች።

ካርዷ ላይ ግን አንድ ማንም ያላየው ቁጥር ነበር። በዚያው ዲፕስቲክ ላይ የሽንቱ የክብደት መጠን 1.005 ተብሎ ተጽፏል። ይህ ማለት ሽንቱ እጅግ ቀጭን፣ ከውሃ ብዙም ያልራቀ ነበር። ዲፕስቲክ የሚለካው በአንድ ዴሲ ሊትር ውስጥ ያለውን የፕሮቲን መጠን እንጂ በቀን የሚወጣውን አይደለም። 1+ ማለት 30 ሚሊ ግራም፣ 2+ ማለት 100፣ 3+ ማለት 300 ገደማ ነው። ብዙ ውሃ ጠጥታ በመጣች ሴት ሽንት ላይ የታየ ትሬስ፣ ጠዋት በሚወጣ ወፍራም ሽንት ላይ ቢሆን 1+ ወይም 2+ ሊሆን ይችል ነበር። ከ110/70 ወደ 138/88 ከመውጣቱ ጋር ሲደመር በሳምንት ውስጥ ተመልሳ እንድትታይ ማድረግ ይገባ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እጇና ፊቷ አበጠ፤ የጣት ቀለበቷ አልወጣ አለ። ቤተሰቡ እብጠቱን የፍልሰታን ጾም ከመጾሟ ጋር አያይዞ «ምግብ አንሷት ነው» ብሎ አሰበ። ጾሙ ሲፈታ እንቁላልና ሥጋ በየቀኑ ይሰጣት ጀመር። እብጠቱ ግን ባሰ። ራስ ምታቱ ሁለት ቀን አልለቅ ሲላት ነው ወደ ጤና ጣቢያ የተመለሰችው።

እዚያ ግፊቷ 164/112፣ የሽንት ፕሮቲኗ 3+ ሆነ። አዋላጅ ነርሷ ትክክለኛውን ነገር በፍጥነት አደረገች። 50 በመቶ ከሆነው ማግኒዚየም ሰልፌት (መንቀጥቀጥን የሚከላከል መድኃኒት) 8 ሚሊ ሊትር በ12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ አቅጥና 4 ግራሙን በደም ሥር በአምስት ደቂቃ ሰጠች። ቀጥላ 5 ግራም በአንዱ፣ 5 ግራም በሌላኛው መቀመጫ፣ እያንዳንዱን ከ1 ሚሊ ሊትር 2 በመቶ ሊዶኬይን ጋር ወጋች። ሪፈር ጽፋ አምቡላንስ ጠራች። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ተሰቅሎ ነበር፤ በሁለት ሰዓቱ የጭቃ መንገድ ላይ ክፍት ሆኖ ሙሉ በሙሉ ገባ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ማግኒዚየሙ ከነሰዓቱ ተጽፏል፤ ፈሳሹ አልተጻፈም።

## ሆስፒታል ስትደርስ

ግፊቷ 168/114፣ የአተነፋፈስ ፍጥነቷ በደቂቃ 20፣ የኦክስጅን መጠኗ 96 በመቶ ነበር። ሳንባዋ ንጹሕ፣ የጉልበት ሪፍሌክሷም አለ። የጽንሱ ልብ ምት በደቂቃ 144 ነው። ካቴተር ገብቶላት የ24 ሰዓት ሽንት መሰብሰብ ተጀመረ።

የመጀመሪያው የደም ውጤት እንዲህ ነበር፦ ሄማቶክሪት (የቀይ ደም ሴል ድርሻ) 42 በመቶ፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሴሎች) 138,000፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት መለኪያ) 1.0፣ ኤኤስቲ (የጉበት መለኪያ) 46፣ ኤልዲኤች (ሴል ሲፈርስ የሚጨምር ኢንዛይም) 410፣ ጠቅላላ ፕሮቲን 5.2፣ አልቡሚን (ፈሳሽን በደም ሥር ውስጥ የሚያቆየው ዋናው የደም ፕሮቲን) 2.4 ግራም በዴሲ ሊትር።

ክሪያቲኒን 1.0 ለሌላ ሰው ጤናማ ነው። ነፍሰ ጡር ላይ ግን ኩላሊት በብዙ ስለሚያጣራ የሚጠበቀው ከ0.4 እስከ 0.8 ነው። ሄማቶክሪት 42ም «ደሟ ጥሩ ነው» የሚያስብል አይደለም። በእርግዝና ፕላዝማ ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር ደም መቅጠን አለበት፤ አለመቅጠኑ ፈሳሹ ከደም ሥር ወደ ውጭ እየሾለከ መሆኑን ያሳያል። 2.4 የሆነው አልቡሚን የዚሁ ምስክር ነው።

ሃይድራላዚን 5 ሚሊ ግራም ቀስ ተብሎ በደም ሥር ተሰጣት። ከ20 ደቂቃ በኋላ 156/104 ስለነበር ሌላ 5 ሚሊ ግራም ተደግሞ 148/98 ላይ ቆመ። ከዚህ በታች በአንድ ጊዜ ማውረድ ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ እዚያው ተተወ። ኒፌዲፒን 20 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ተጀመረ። ለጽንሱ ሳንባ ዴክሳሜታሶን 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ታዘዘ። እስከዚህ ያለው ሥራ እንከን የለበትም።

## ፕሮቲኑ የት ሄደ?

የ24 ሰዓቱ ሽንት በኋላ ሲለካ 4.1 ግራም ፕሮቲን ተገኘበት። ለፕሪኤክላምፕሲያ መለያው 0.3 ግራም ስለሆነ ይህ ከመለያው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ቤተሰቡም አንዳንድ ባለሙያዎችም ወዲያው ያሰቡት «ፕሮቲኑ በሽንት አለቀ» የሚል ነበር። ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም።

የጤነኛ ሰው ጉበት በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም አልቡሚን ያመርታል። በሽንት 4 ግራም ቢወጣ ጉበቱ ሊተካው ይችላል። አልቡሚን ደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው ወደ 20 ቀን ገደማ ስለሆነም በሁለት ሳምንት ጾም፣ ያውም ሽሮና ምስር ባለበት ጾም፣ ወደ 2.4 አይወርድም። በእርግዝና መጨረሻ በፕላዝማ መብዛት ምክንያት ወደ 3 ገደማ መውረዱ የተለመደ ነው። ከዚያ በታች ያወረደው በዋናነት ሌላ ነገር ነው፦ የቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ አልቡሚንን መያዝ አቅቶታል። ፕሮቲኑ ከሰውነቷ አልጠፋም፤ ከደም ሥር ወጥቶ በእጇ፣ በፊቷ፣ በእግሯ እብጠት ውስጥ ተቀምጧል። የጉበት ምርት መቀነስም የራሱ ድርሻ አለው።

ግድግዳውን የሚያላላው ከእንግዴ ልጅ የሚመጣ ሌላ ፕሮቲን ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በቦስተን የነበሩ ተመራማሪዎች ኤስኤፍኤልቲ-1 የተባለው ፕሮቲን በፕሪኤክላምፕሲያ እንደሚበዛ አሳዩ። በአይጦች ደም ውስጥ እንዲበዛ ሲያደርጉትም ግፊት፣ የሽንት ፕሮቲንና የኩላሊት ጉዳት ተከተለ። ይህ ፕሮቲን የደም ሥርን ጤና የሚጠብቁትን ቪኢጂኤፍ እና ፒኤልጂኤፍ የተባሉ የዕድገት ፕሮቲኖች እየያዘ ሥራ ያስፈታቸዋል። የኩላሊት ማጣሪያ ያለ ቪኢጂኤፍ መቆም ስለማይችል መጀመሪያ ከሚያፈሱት አንዱ እርሱ ነው። ስለዚህ የሽንት ፕሮቲንና የደም አልቡሚን መውረድ የአንድ ምክንያት ሁለት ውጤቶች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም። ይህን መለየት ለሕክምናው ትልቅ ትርጉም አለው፤ የሚሾልክ ዕቃ በመሙላት አይድንምና።

የኤስኤፍኤልቲ-1 እና የፒኤልጂኤፍ ጥምርታ አሁን በምርመራነት ይሠራበታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 እ.ኤ.አ. ከ23 ሳምንት እስከ 34 ሳምንት ከ6 ቀን ላሉ፣ ግፊት ኖሯቸው ሆስፒታል ለተኙ ነፍሰ ጡሮች ፈቅዶታል። በዚህ ሆስፒታል ምርመራው የለም። ለዚህች ሴት ሆስፒታል ከደረሰች በኋላ ቢኖርም የሚለውጠው ነገር አልነበረም፤ በሽታው ከነከባድ ምልክቱ በዓይን ይታያል።

በነገራችን ላይ ጠቅላላ ፕሮቲንን ብቻ ማየት ያታልላል። በእርግዝና አልቡሚን ሲወርድ ፋይብሪኖጅን (ደምን የሚያረጋ ፕሮቲን) እና አንዳንድ ግሎቡሊኖች (ሌሎች የደም ፕሮቲኖች) ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ድምሩ የአልቡሚኑን ጉድለት ይሸፍነዋል። የፋይብሪኖጅን ምርመራ ባለመኖሩ 5 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕ የመስታወት ቱቦ ተወስዶ ሲታይ በ6 ደቂቃ ጠንካራ ሆኖ ረግቷል። ከ7 ደቂቃ በላይ ቢቆይ ወይም የረጋው ቢበታተን የመርጋት ችግር ይጠረጠር ነበር።

## ሽንቱ ሲያንስ

በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት 200 ሚሊ ሊትር ሽንት ወጣ። በዚህ ጊዜ አንድ ሊትር ሪንገር (ሌላ የደም ሥር ፈሳሽ) በ8 ሰዓት እንዲገባ ተሰቅሎ ነበር። ከ6ኛው እስከ 10ኛው ሰዓት የወጣው 70 ሚሊ ሊትር ብቻ ሆነ። የ10ኛው ሰዓት የማግኒዚየም መርፌ ሊሰጥ ሲል አዋላጇ ሦስቱን ነገር አየች፦ ሪፍሌክስ አለ፣ አተነፋፈስ ከ16 በላይ ነው፣ ሽንት ግን በ4 ሰዓት 100 ሚሊ ሊትር አልሞላም። ማግኒዚየም የሚወጣው በኩላሊት ብቻ ስለሆነ መርፌውን አቆየችና ተረኛ ሐኪሙን ጠራች። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር።

ተረኛው ሐኪም የሽንቱን ማነስና 42 የነበረውን ሄማቶክሪት አይቶ «ውሃ አንሷታል» ብሎ ደመደመ። አንድ ሊትር ሪንገር በፍጥነት እንዲገባ አዘዘ። አስተሳሰቡ በሌላ በሽተኛ ላይ ቢሆን ያስኬዳል። እዚህ ግን ደም ሥሩ ውስጥ ፈሳሹን የሚያቆየው አልቡሚን 2.4 ነው፤ ግድግዳውም ያፈሳል። የገባው ውሃ ሽንት ሆኖ ከመውጣቱ በፊት ወደ ሳንባ ይሄዳል።

ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ሲደመር እስከ 12ኛው ሰዓት 3 ሊትር ገብቶ 290 ሚሊ ሊትር ብቻ ወጥቷል። ይህን ድምር ግን ያየው ሰው አልነበረም፤ የመጀመሪያው ሊትር በየትኛውም ወረቀት ላይ የለምና። በ13ኛው ሰዓት ተንጋልላ መተኛት አቃታት። የአተነፋፈስ ፍጥነቷ 32፣ ኦክስጅኗ 89 በመቶ ሆነ፤ ከሁለቱም ሳንባ ግርጌ የውሃ ድምፅ ተሰማ።

ፈሳሹ ወዲያው ተዘጋ። ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ተደርጎ ኦክስጅን ተሰጣት። ሽንት የሚያበዛው ፉሮሴማይድ 40 ሚሊ ግራም በደም ሥር ገባ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 700 ሚሊ ሊትር ሽንት ወጣ፤ ኦክስጅኗ ወደ 95 ተመለሰ። ሽንቱ ሲከፈት የተቋረጠው ማግኒዚየም እንደገና ቀጠለ።

በፕሪኤክላምፕሲያ የሽንት ማነስ ብዙ ጊዜ ከኩላሊት የደም ሥሮች መጥበብ የሚመጣና ከወሊድ በኋላ በራሱ የሚስተካከል ነው። እየደማች ካልሆነ በቀር በሰዓት ከ80 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ፈሳሽ፣ መድኃኒት የሚቀጥንበትን ጨምሮ፣ ይበቃታል።

## «ይሄ ደም ከየትኛው እጅ ተቀዳ?»

ትንፋሽ ባጠራት ሰዓት የ12ኛው ሰዓት የደም ውጤት መጣ። አልቡሚን 1.5፣ ጠቅላላ ፕሮቲን 3.3፣ ሄማቶክሪት 27፣ ፕላትሌት 88,000።

ክፍሉ ተደናገጠ። ፕላትሌት ከ100,000 በታች ሲሆን ሄማቶክሪትም ሲወርድ ቀይ የደም ሴል የሚፈርስበት፣ ጉበት የሚጎዳበት ሄልፕ የተባለው አደጋ ይታሰባል። ሁለት ከረጢት ደም ተጠየቀ። ሙሉ ማደንዘዣ ለሚጠይቅ አስቸኳይ ኦፕራሲዮን ዝግጅት ተጀመረ። ወንድሟ አልቡሚን ፈልጎ እንዲገዛ ወረቀት ተሰጠው። ሳንባዋ ውሃ በቋጠረበት ሰዓት ማደንዘዣ መስጠት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለሚያውቅ፣ ያ ግማሽ ሰዓት የጉዳዩ ሁሉ ወሳኝ ጊዜ ነበር።

ያቆመው የላቦራቶሪ ባለሙያው ነው። ውጤቱን ልኮ ዝም አላለም፤ ስልክ ደውሎ «ዶክተር፣ ይሄ ደም ከየትኛው እጅ ነው የተቀዳው?» ሲል ጠየቀ። የተቀዳው ሪንገሩ ከሚገባበት ግራ እጅ፣ ከመርፌው በላይ ነበር።

የጠረጠረበት መንገድ ማንም ሊማረው የሚችል ነው። አዲሶቹን ቁጥሮች በአሮጌዎቹ አካፈላቸው። አልቡሚን 1.5 በ2.4፣ ጠቅላላ ፕሮቲን 3.3 በ5.2፣ ሄማቶክሪት 27 በ42፣ ፕላትሌት 88 በ138፤ ሁሉም 0.63 ወይም 0.64 ይሰጣሉ። ሕመም ሁሉንም ነገር በአንድ መጠን አይቀንስም፤ ውሃ ግን ይቀንሳል። ይበልጥ ያሳመነው ኤልዲኤች ነው። ቀይ የደም ሴል ቢፈርስ ኖሮ ኤልዲኤች መጨመር ነበረበት፤ እርሱ ግን ከ410 ወደ 262 ወርዷል፣ ያም 0.64 ነው። ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ሪንገር የሆነ ናሙና ነበር ማሽኑ የለካው።

ከቀኝ እጅ፣ ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ ሳያልፍ፣ ደም እንደገና ተቀዳ። አልቡሚን 2.1፣ ጠቅላላ ፕሮቲን 4.7፣ ሄማቶክሪት 37፣ ፕላትሌት 124,000፣ ኤልዲኤች 455። ይህኛው መውረድ እውነተኛ ነው፤ የገባው ሦስት ሊትር አቅጥኗታል። ነገር ግን ሄልፕ አልነበረም። ደሙም ኦፕራሲዮኑም ተሰረዙ።

ናሙናው በተቃራኒው አቅጣጫም ሊሳሳት ይችል ነበር። ማሰሪያው ረጅም ጊዜ ታስሮ ከቆየ ውሃው ከደም ሥር ስለሚወጣ ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ይነበባል። ቆማ የቆየች ሴት ከተኛች ሴት ይልቅ ወደ 10 በመቶ ከፍ ያለ አልቡሚን ሊታይባት ይችላል። ደሙ በሚቀዳበት ጊዜ ከፈረሰ ኤልዲኤችና ኤኤስቲ ያለ ሕመም ይጨምራሉ፤ ሄልፕ ያለ ይመስላል። ብሮሞክሬሶል ግሪን በተባለው አረንጓዴ ማቅለሚያ የሚለካ አልቡሚን ደግሞ ሌሎች ግሎቡሊኖችንም ስለሚይዝ ዝቅተኛ መጠን ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ናሙናው ሳይነበብ በቆየ ቁጥር ይህ ይብሳል።

በዚያው ወረቀት ላይ ሌላም ወጥመድ ነበር። ጠቅላላ ካልሲየም 7.2 ተብሎ ተመዝግቧል። 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው የደም ካልሲየም ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር አልቡሚን ሲወርድ እርሱም ይወርዳል። በተለመደው ማስተካከያ 4 ላይ 2.1 ሲቀነስ 1.9፣ በ0.8 ሲባዛ 1.5 ገደማ፤ ተደምሮ 8.7 ይሆናል። ካልሲየም ግሉኮኔት የማግኒዚየም ማርከሻ ነው። የተጻፈውን 7.2 ብቻ አይቶ ካልሲየም መስጠት ከኤክላምፕሲያ (ከመንቀጥቀጥ) የሚጠብቃትን መድኃኒት መንጠቅ ይሆን ነበር። አልተሰጣትም።

## የአልቡሚኑ ወረቀት

ወንድሟ ወረቀቱን ይዞ ከተማ ውስጥ ሦስት መድኃኒት ቤት ዞሯል። ገንዘቡን ከዘመድ እያሰባሰበ ሳለ ስልክ ተደውሎ እንዲመለስ ተነገረው።

20 በመቶ የሆነ አንድ የ50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 10 ግራም አልቡሚን ይዟል። በፕላዝማዋ ውስጥ ያለው 60 ወይም 70 ግራም ይሆናል። ሁለት ጠርሙስ ለጥቂት ሰዓት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ በዚያው ቀዳዳ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ውሃን ወደ ደም ሥር ስቦ ግፊቱንና የሳንባውን ጫና ሊያባብስ ይችላል። በፕሪኤክላምፕሲያ የወረደን አልቡሚን በጠርሙስ መሙላት የሚመከር ሕክምና አይደለም። አቅም የሌለው ቤተሰብ ለማይረዳ መድኃኒት ንብረቱን እንዲሸጥ ማድረግ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳት ነው፤ በሕክምና ስህተትነት መቆጠር አለበት።

እንቁላሉና ሥጋውም እንዲሁ። ለነፍሰ ጡር ጥሩ ምግብ ናቸው፤ እብጠቱን ግን አያወርዱም። አማቷ «እኔ ነኝ በጾም የጎዳኋት» እያለች ታለቅስ ስለነበር፣ ሕመሙ ከእንግዴ ልጁ የመጣ እንጂ ከምግብ እጥረት እንዳልሆነ ተቀምጦ ማስረዳት አስፈልጓል። አስር ደቂቃ የማይሞላው ይህ ንግግር በካርዱ ላይ አይጻፍም፤ የሚገባውን ያህልም ሲደረግ አይታይም።

## ወሊድና ከወሊድ በኋላ

ሳንባ ውስጥ ውሃ ከተቋጠረ በኋላ እስከ 34 ሳምንት መጠበቅ ትክክል አይሆንም። በ24ኛው ሰዓት ሳንባዋ ሲጸዳ ምጥ የሚያስጀምረው ሚሶፕሮስቶል 25 ማይክሮ ግራም በብልት በኩል ተሰጠ፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ተደገመ። ምጡ መጣ፤ በ41ኛው ሰዓት ያለ ኦፕራሲዮን ወለደች። አራቱም የዴክሳሜታሶን መርፌዎች በዚያ ጊዜ ውስጥ አልቀዋል። ሕፃኑ 1,780 ግራም መዝኗል፤ ሲተነፍስም ሲያለቅስም እርዳታ አላስፈለገውም፤ ደረት ለደረት እንክብካቤ ተጀመረለት። እንግዴ ልጁ እንዲወጣ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ተሰጣት፤ ኤርጎሜትሪን ግፊት ስለሚያንር ከትሪው ላይ እንዲነሳ ተደርጓል።

ብዙዎች «ወለደች፣ ተገላገለች» ብለው የሚዘናጉበት ሰዓት ይህ ነው። ፈሳሽን በደም ሥር ውስጥ የሚይዘው የፕሮቲን ጫና ጤነኛ እርግዝና መጨረሻ ላይ 22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን ከወሊድ በኋላ ወደ 17 ይወርዳል። በፕሪኤክላምፕሲያ ከ18 ወደ 14 ገደማ ይወርዳል። ዝቅተኛው ነጥብ የሚገኘው ከወሊድ በኋላ ነው፤ በእብጠቱ ውስጥ የቆየው ውሃም ወደ ደም ሥር የሚመለሰው በዚያው ሰሞን ነው። በሁለተኛው ቀን አልቡሚኗ 1.9 ሆነ፤ ይህ ሲጠበቅ የነበረ ስለሆነ ማንም አልደነገጠም። የምትጠጣው በአፏ ብቻ ሆነ፤ የተሰቀለ ነገር አልነበረም። ማግኒዚየም ከወሊድ በኋላ 24 ሰዓት ቀጥሎ ቆመ።

በአራተኛው ቀን ግፊቷ እንደገና 158/104 ደረሰ፤ የኒፌዲፒኑ መጠን ጨመረ። በሁለተኛው ቀን ወደ ቤት ሄዳ ቢሆን ኖሮ ይህ የሚታየው መንደር ውስጥ፣ ምናልባትም በመንቀጥቀጥ ነበር። በሰባተኛው ቀን በ136/86 ወጣች። በስድስተኛው ሳምንት አልቡሚኗ 3.9፣ የሽንት ፕሮቲኗ ትሬስ፤ በ12ኛው ሳምንት ሽንቷ ንጹሕ ነበር። በ12 ሳምንት ያልጠፋ ፕሮቲን ቢኖር ቀድሞ የተደበቀ የኩላሊት ሕመም ስለሚያመለክት ወደ ኩላሊት ሐኪም ትላክ ነበር።

## ለሌላ ክፍል የሚሸጋገረው

ከሁሉ በላይ የሚሸጋገረው የፈሳሽ ሒሳቡ ነው። ሆስፒታሉ ከዚህ ጉዳይ በኋላ ለከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ አንድ ገጽ አዘጋጀ። የመጀመሪያው መስመር «ከዚህ በፊት የገባ ፈሳሽ» ይላል፤ አምቡላንሱ ከመመለሱ በፊት አብሮ የመጣው ነርስ ተጠይቆ ይሞላል። ከሥሩ በየሰዓቱ የገባና የወጣ ይደመራል። አልቡሚን ከ2.5 በታች ከሆነ ገጹ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሳንባ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ 2.5 የክፍሉ የራሱ መስመር ነው፤ የበሽታ መለያ አይደለም። አልቡሚን መቼ መውለድ እንዳለባት አይወስንም። የሽንት ፕሮቲን መብዛትም በራሱ ለማዋለድ ምክንያት መሆኑ ቀርቷል፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡ መመሪያዎች 5 ግራም የሚለው አሮጌ መስመር ከከባድ ምልክቶች ዝርዝር ወጥቷል። ግፊቱ፣ ፕላትሌቱ፣ ክሪያቲኒኑ፣ ጉበቱ፣ ሳንባውና የራስ ምታቱ ናቸው የሚወስኑት።

ያልተሳካ ነገርም አለ። የጠዋት ሽንት እንዲያመጡ ለነፍሰ ጡሮች በጤና ጣቢያው ቢነገርም ሩቅ መንገድ የሚሄዱት ሊያመጡ አልቻሉም። በምትኩ የክብደት መጠኑ ከ1.010 በታች የሆነ ሽንት ላይ ትሬስ ሲታይ እንደ 1+ ቆጥሮ በሳምንት መቅጠር ተጀምሯል። ይህ ጥቂት ጤነኞችን ያመላልሳል፤ ጉዳቱ ግን በጣም ቀላል ነው። ዲፕስቲኩ ራሱ የሚበላሸው ደግሞ ክዳኑ ክፍት ሲቀር ነው፤ እርጥበት የገባበት እሽግ ሐሰተኛ ውጤት ይሰጣል። ከብልት ፈሳሽ ወይም ከደም ጋር የተቀላቀለ ሽንትም ፕሮቲን ያለ ያስመስላል፤ መሃል ላይ የሚወጣውን እንድትቀበል ማሳየት ያስፈልጋል።

የናሙናው ጉዳይ በአንድ ቀላል ልማድ ተስተካክሏል። በየመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ግራ» ወይም «ቀኝ» እና «ፈሳሽ አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ላቦራቶሪው ሁሉም ቁጥሮች በአንድ መጠን ወርደው ሲያገኝ ውጤቱን ከመልቀቁ በፊት ይደውላል። ባለሙያው ያን ሌሊት እንዲደውል ያዘዘው ደንብ አልነበረም፤ አሁን ደንብ ሆኗል።

## የሚቀጥለው እርግዝና

ስትወጣ በካርዷ ጀርባ በአማርኛ የተጻፈላት እንዲህ ይላል፦ በ33 ሳምንት በከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ወልዳለች፤ ሳንባዋ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ፈሳሽ በጥንቃቄ ይሰጥ። እንደገና ስታረግዝ ከ12ኛው ሳምንት ጀምራ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን እንድትወስድ፣ በምግቧ ካልሲየም አነስተኛ ከሆነ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም እንዲጨመርላት፣ የመጀመሪያው ክትትሏም ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ ተጽፏል። ግፊቷ በየዓመቱ ይለካል፤ ይህ ሕመም ያለፈባት ሴት በኋለኛ ዕድሜዋ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠች ናትና። ካርዱን ለአማቷ ጮክ ብሎ ያነበበላት ወንድሟ ነው፤ ከዚያ በፕላስቲክ ጠቅልላ ከሕፃኑ የክትባት ካርድ ጋር አስቀመጠችው።